ጨርቁና ወፉ፦ ስለ ዬትስ ሁለት ግጥሞች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሦስተኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የአየርላንዳዊው ገጣሚ የዊሊያም በትለር ዬትስ ሁለት ግጥሞች፣ «በመርከብ ወደ ባይዛንቲየም» እና «የሰርከስ እንስሳቱ ኩብለላ»፣ የሕይወትን ጉዞና የፈጠራን መታደስ እንዴት እንደሚያዩ አነጻጽሪ ተብዬ ነበር። «የመጀመሪያው ተስፋ ነው፣ ሁለተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው» ብዬ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አስተማሪያችን «ይህ ሁለት ማጠቃለያ ነው እንጂ ንጽጽር አይደለም» ብለው መለሱልኝ። እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?

ምላሽ፦ አስተማሪሽ ልክ ናቸው፤ አንቺም ግን ያን ያህል አልራቅሽም። ስለ እያንዳንዱ ግጥም ያልሽው ስሕተት የለበትም። የቀረሽ ሁለቱን ማነጋገር ነው። የጻፋቸው አንድ ሰው ነው፤ በመካከላቸው ከአሥር ዓመት በላይ አለ፤ ሁለተኛውን ሲጽፍ የመጀመሪያው በጆሮው እንደነበረ ከቃላቱ መረዳት ይቻላል። እኔ ብሆን «ተስፋ» እና «ተስፋ መቁረጥ» የሚሉትን ትልልቅ ቃላት ለጊዜው ትቼ ሦስት ትንንሽ ቃላትን እከተል ነበር፤ ጨርቅ፣ ልብ፣ እንስሳ። ሦስቱም በሁለቱም ግጥሞች ውስጥ አሉ። በአንደኛው ያላቸውን ቦታና በሁለተኛው ያገኙትን ቦታ ካየሽ ንጽጽሩ ራሱ ይመጣል።

ስለ ጊዜው ባጭሩ ልንገርሽ፤ ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዬትስ በ1865 በደብሊን ተወለደ፤ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የባይዛንቲየሙን ግጥም የጻፈው በ1926፣ በ61 ዓመቱ ነው፤ በ1928 የወጣው «ማማው» የተባለው መድበሉ የሚከፈተው በዚሁ ግጥም ነው። የሰርከሱ ግጥም ደግሞ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራው ነው፤ በመጽሔት የወጣው በጥር 1939 ሲሆን እሱም በዚያው ወር በ28ኛው ቀን በደቡብ ፈረንሳይ ዐረፈ። ከሕይወት ታሪኩ ለጽሑፍሽ የሚያስፈልግሽ ይህን ያህል ነው፤ ብዙ ተማሪ ገጹን በሕይወት ታሪክ ይሞላና ለግጥሙ ቦታ ያጣል።

የመጀመሪያው ግጥም «ያ አገር የሽማግሌ አገር አይደለም» ብሎ ይጀምራል። «ያ» የሚለውን ልብ በይ፤ ተናጋሪው አስቀድሞ ወጥቷል፣ ወደ ኋላ ዞሮ እየጠቆመ ነው። የተወው አገር በወጣቶች፣ በወፎች፣ ወንዝ ሽቅብ በሚዘል ዓሣ የተሞላ ነው፤ የሚጸነስ፣ የሚወለድ፣ የሚሞት ሁሉ በጋውን ሙሉ ይዘምርበታል። በዚያ የሥጋ ዜማ የተያዘ ደግሞ የማያረጀውን የአእምሮ ሐውልት ዞር ብሎ አያየውም። ከዚያ ሁለተኛው ቤት ይመጣል፤ በነፃ ስተረጉመው እንዲህ ነው፦

ያረጀ ሰው ከንቱ ነው፤
እንጨት ላይ የተሰቀለ ቡትቶ ካፖርት፤
ነፍሱ አጨብጭባ ካልዘመረች፣
በሟች ልብሷ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ቅዳጅ
ድምፅዋን አብልጣ ካላሰማች በቀር።

እዚህ ላይ ረጋ በይ። እንጨት ላይ የተሰቀለ ካፖርት ማለት ገበሬ ወፍ እንዲያባርርለት እርሻው መሐል የሚያቆመው የሰው ቅርጽ ነው። ግጥሙ ሲያልቅ ይኸው ሰው ምን መሆን ይመኛል? ወፍ። የወፍ ማስፈራሪያው ወፍ ሊሆን ይመኛል። ሁለተኛው ነገር ቅዳጁ ነው። ነፍስ የምትዘምረው ቅዳጅ እያለ እንኳ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቅዳጅ ነው። ልብሱ በተቀደደ ቁጥር አንድ መዝሙር ይጨመራል። ዬትስ በዚህ ግጥም ጨርቁን ጥሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ዜማውን የሰጠው ግን ጨርቁ መሆኑን ሳያስበው ተናግሮታል። ይህን አስምሪበት፤ ሁለተኛው ግጥም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እኛ አገር አንድ ሽማግሌ «ወደ ቅድስት ከተማ ሄድኩ» ሲል ሰሚው መመንኮስን ያስባል፤ ባይዛንቲየምም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ቁስጥንጥንያ የምንላት፣ የዛሬዋ ኢስታንቡል ስለሆነች ነገሩን እንዲሁ ማንበብ ይቀላል። የዬትስ ሽማግሌ ግን ለጸሎትና ለዝምታ አልሄደም። የሄደው የዜማ መምህር ፍለጋ ነው። በወርቅ ሞዛይክ ላይ እንዳሉ ቅዱሳን በእግዚአብሔር እሳት ውስጥ የቆሙትን ጠቢባን «የነፍሴ የዜማ መምህራን ሁኑ» ይላቸዋል። ዬትስ እንዲህ ያለውን ሞዛይክ በጣሊያን በራቬና በ1907፣ ኋላም በሲሲሊ በዓይኑ አይቷል። ጠቢባኑን ወደ እሱ እንዲመጡ ሲጠራቸው የሚጠቀምበት ግሥ «ፐርን» ነው፤ በልጅነቱ በአየርላንድ በስላይጎ ከአያቱ ዛፎች በላይ ጭሱን ያየው ከነበረ የማጠንጠኛ ፋብሪካ የቀረው ቃል ነው። «እንደ እንዝርት እየተሽከረከራችሁ ውረዱ» ብለሽ ብትተረጉሚው ከአሳቡ አትርቂም። በዚያ ሁሉ ወርቅና እሳት መሐል የሰፈሩ የፈትል ዕቃ መግባቱን ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ደግሞም ጨርቅ የሚጀምረው ከፈትል ነው።

ለጠቢባኑ የሚያቀርበው ልመና ከባድ ነው፦ «ልቤን አቃጥላችሁ ጨርሱት፤ በምኞት ታሟል፤ ከሚሞት እንስሳ ጋር ታስሯል፤ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።» ልብ እና እንስሳ አንድ ላይ መጡ። ልብ መቃጠል ያለበት በሽተኛ ነው፤ እንስሳው ሟች ሥጋው ነው። ቀጥሎ «ወደ ዘላለም የእጅ ጥበብ ሰብስቡኝ» ይላል። «እጅ ጥበብ» ብዬ የተረጎምኩት የእንግሊዝኛ ቃል ብልሃትንም ማስመሰልንም ይይዛል፤ ሁለቱንም ትርጉም በጽሑፍሽ ጥቀሺ፤ በኋላ ይጠቅምሻል።

የመጨረሻው ቤት የወርቅ ወፉ ነው። ዬትስ በማስታወሻው እንዳለው፣ በባይዛንቲየም ቤተ መንግሥት ከወርቅና ከብር የተሠራ ዛፍና የሚዘምሩ ሰው ሠራሽ ወፎች እንደነበሩ የሆነ ቦታ አንብቧል። ከተፈጥሮ ከወጣሁ በኋላ ሥጋ አልለብስም፤ የግሪክ ወርቅ አንጣሪ ቀጥቅጦ እንደሠራው ያለ መልክ እይዛለሁ፤ የሚያንቀላፋ ንጉሠ ነገሥት እንዳይተኛ አደርጋለሁ፤ ወይም በወርቅ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጬ ለመኳንንትና ለወይዛዝርት እዘምራለሁ ይላል። ስለ ምን? «ስላለፈው፣ ስለሚያልፈው፣ ወይም ስለሚመጣው።»

ይህን መስመር ከመጀመሪያው ቤት ጋር አስተያዪው። እዚያ «የሚጸነስ፣ የሚወለድ፣ የሚሞት» ነበር፤ እዚህ «ያለፈ፣ የሚያልፍ፣ የሚመጣ» ሆነ። ሁለቱም ሦስት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱም ጊዜ ናቸው። ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠው ጊዜን ሸሽቶ ነበር፤ ወርቅ ሆኖ የሚዘምረው ስለዚያው ስለ ጊዜ ነው። የቤት መድፊያውንም እይው። ሁለተኛው ቤት የሚዘጋው «መጣሁ» በሚለው ቃልና «ባይዛንቲየም» በሚለው ስም ነው፤ አራተኛው ቤት በእነዚያው ቃላት ይዘጋል፤ ግን ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ የመጨረሻው ቃል «የሚመጣ» ሆኗል። እዚያ ቃሉ መድረስን ይናገር ነበር፤ እዚህ ገና ያልደረሰውን ይናገራል። ገጣሚው ወዳጁ ስተርጅ ሙር በ1930 በደብዳቤ ወርቅ አንጣሪ የሠራው ወፍም ያው የተፈጥሮ ነገር ነው ብሎ ተከራክሮታል፤ ዬትስም በዚያው ዓመት «ባይዛንቲየም» የሚል ሌላ ግጥም ጻፈ። እኔ እንደማነበው ግን ክርክሩ በመጀመሪያው ግጥም ራሱ ውስጥ አለ። «ተስፋ» ብለሽ ብቻ ማለፍሽ ያልበቃው ለዚህ ነው፤ ማምለጡ አልተሳካም፤ ግጥሙንም ያስወደደው ይህ አለመሳካቱ ነው።

አሁን ወደ ሰርከሱ። የሚጀምረው ከተራ ንግግር ነው፦ «አንድ ርእስ ፈለግሁ፤ ፈልጌም አጣሁ፤ ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ፈለግሁ።» «ያህል» የሚለው ልብ ይነካል፤ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳምንታቱን በጣቱ ሲቆጥር ይታየኛል። «ምናልባት በመጨረሻ፣ የተሰበረ ሰው ነኝና፣ በልቤ መብቃቃት አለብኝ» ይላል። አየሽ? በ1926 አቃጥሉልኝ ያለው ልብ አሁን የቀረው ንብረት ነው፤ እሱንም ሳይወድ በግዱ ነው የሚቀበለው። «የሚሞት እንስሳ» ደግሞ አሁን ብዙ ቁጥር ሆኗል፤ ትርኢት የሚያሳዩ እንስሳት ናቸው፤ የገዛ ምስሎቹ ናቸው፤ እነሱም ኮብልለዋል። በመጀመሪያው ግጥም እንስሳው ሥጋ፣ ጥበብ ወርቅ ነበር። በሁለተኛው ጥበቡ ራሱ እንስሳ ሆኖ አረጀና ጥሎት ሄደ።

መካከለኛው ክፍል ሦስት ቤት ነው፤ የድሮ ርእሶቹን ይዘረዝራል። በ1889 ባወጣው ረጅም ግጥም ውስጥ ሦስት አስማተኛ ደሴቶችን የዞረው የአየርላንድ አፈ ታሪክ ጀግና ኦሺን፤ ለተራቡ ሰዎች ስትል ነፍሷን የሸጠችው የ1892ቱ ተውኔት ካውንተስ ካትሊን፤ በ1904 በደብሊን የአቢ ቲያትር ሲከፈት በታየው ተውኔት ልጁን ሳያውቅ ገድሎ ከባሕር ሞገድ ጋር የተዋጋው ሌላው የአፈ ታሪክ ጀግና ኩሁሊን። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል እንደ ማውጫ ያልፈዋል። እኔ ግን ግጥሙ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ዬትስ ከእያንዳንዱ ትርኢት ጀርባ ገብቶ ምን እንደነበረ ይናዘዛል። ኦሺንን ፈረስ ላይ ያወጣሁት የፍቅር ረሃብተኛ ስለነበርኩ ነው ይላል። የካትሊን ታሪክ የመጣው የምወዳት ሴት ነፍሷን በጥላቻና በአክራሪነት ታጠፋለች ብዬ ስለፈራሁ ነው ይላል፤ ሴቲቱ ዕድሜውን ሙሉ የወደዳት ሞድ ጎን ናት። ከዚያ ከባዱ ኑዛዜ ይመጣል፦ «ተዋንያንና ቀለም የተቀባው መድረክ ፍቅሬን ሁሉ ወሰዱት፤ ምልክት የሆኑላቸው ነገሮች ግን አልወሰዱትም።»

«የዘላለም የእጅ ጥበብ» ብለን የተውነው ቃል እዚህ ይመለሳል። ያኔ ሰብስቡኝ ብሎ የለመነው ጥበብ አሁን ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው። ጸሎቱ ተሰምቶለት ነበር፤ ጥበቡ በእርግጥ ሰብስቦ ወስዶት ነበር፤ ዋጋው ደግሞ ፍቅሩ ሆነ። ይህን ነጥብ በአንድ አንቀጽ ብታስቀምጪ አስተማሪሽ የፈለጉት ንጽጽር እሱ ነው።

የመጨረሻውን ቤት በሙሉ ልተርጉምልሽ፦

እነዚያ ኃያል ምስሎች፣ ፍጹም ስለሆኑ፣
በንጹሕ አእምሮ አደጉ፤ ግን ከምን ተጀመሩ?
ከቆሻሻ ክምር፣ ከመንገድ ጥራጊ፣
ከአሮጌ ማንቆርቆሪያ፣ ከአሮጌ ጠርሙስ፣ ከተሰበረ ጣሳ፣
ከአሮጌ ብረት፣ ከአሮጌ አጥንት፣ ከአሮጌ ጨርቅ፣
ገንዘብ ሣጥኑን ይዛ ከምትለፈልፈው ዝርክርክ ሴት።
አሁን መሰላሌ ሄዷልና
መሰላል ሁሉ በሚነሣበት ልጋደም፤
በዚያ በሚከረፋው የልብ ቆራሌው ሱቅ።

«ቆራሌው» ያልኩት አስቤበት ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ አሮጌ ጨርቅና አጥንት በየቤቱ እየዞረ የሚገዛ ሰው ነበር፤ ያመጣውን የሚከምርበት ሱቅም ነበረው። እኛ ሰፈር «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰው፣ «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው፣ የዚያ ሰው ወንድም ነው። ክፍል ውስጥ ይህን መስመር «የልብ የጨርቅና የአጥንት መደብር» እያልኩ ሳስተምር ተማሪዎች በጨዋነት ይጽፉ ነበር፤ «ቆራሌው» ያልኩ ቀን ግን ሁሉም ቀና አሉ። ሽታውም ድምፁም ያኔ መጣ።

ጨርቁም ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያው ግጥም ቡትቶ ካፖርት የውርደት ምልክት ነበር፤ እዚህ የሱቁ ሸቀጥ ነው፤ ምስል ሁሉ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ይህ በምሳሌ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ወረቀት በብዛት ከእንጨት መሠራት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት ወረቀት ማለት የተቀጠቀጠ አሮጌ ጨርቅ ነበር፤ ቆራሌዎቹ የሚሰበስቡትም ለዚያ ጭምር ነው። የዬትስ እህት ኤልዛቤት በ1902 ከሌሎች ጋር ያቋቋመችው፣ ኋላ ኩዋላ የተባለው ማተሚያ ቤት፣ ገና ሲጀምር ወረቀቱ ከተልባ እግር ጨርቅ የተሠራ መሆኑን በኩራት ያስታውቅ ነበር። የወንድሟን መጻሕፍት ያትም የነበረው ይኸው ማተሚያ ቤት ነው፤ የባይዛንቲየሙ ግጥም መጀመሪያ በመጽሐፍ የወጣውም በዚሁ ማተሚያ ቤት በ1927 ነው። ስለዚህ አሮጌ ጨርቅ ግጥም እንደሚሆን ዬትስ በቤተሰቡ ሥራ ሲያየው ኖሯል ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

አሁን አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ላሳይሽ፤ ከጽሑፌ ሁሉ አንዱን ብቻ ውሰጂ ብባል የምሰጥሽ ይህን ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አውጪና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቤት ቤት መድፊያዎች እይ። በመጀመሪያው ቤት «የተሰበረ ሰው» የሚለው «ጀመረ» ከሚለው ቃል ጋር ቤት ይመታል፤ በእንግሊዝኛ ድምፁ «ማን» እና «ቢጋን» ነው። እዚያ የጀመረው እርጅና ነው። በመጨረሻው ቤት «ቢጋን» ይመለሳል፤ አሁን የጀመሩት ምስሎቹ ናቸው። ቤት የሚመታውም «ካን» ነው፤ የተሰበረ ጣሳ። «የተሰበረ ሰው» በአንዲት ፊደል ለውጥ «የተሰበረ ጣሳ» ሆነ። ሰውዬው ከሱቁ ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ተቆጠረ፤ ማለቂያ የነበረው ቃልም መነሻ ሆነ። መታደስ ስትፈልጊ ትልቅ ዐዋጅ አትጠብቂ፤ ዬትስ የሠራው እዚህ፣ በቤት መድፊያው ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮችም «ስታርት» እና «ሃርት» ብለው፣ መነሻና ልብ ብለው፣ ያለ አንዳች ጉድለት ይገጥማሉ፤ በሁለቱም ውስጥ «አርት»፣ ጥበብ፣ የሚለው ድምፅ ይሰማል።

ቅርጹንም እንዳትረሺ። ሁለቱም ግጥሞች የተጻፉት በአንድ ዓይነት ስምንት መስመር ቤት ነው፤ ስድስቱ መስመሮች ሁለት ቤት መድፊያ እየተፈራረቁባቸው ይሄዳሉ፣ ሁለቱ በአንድ ይዘጋሉ። ከጣሊያን የመጣ፣ ጥብቅ ዲሲፕሊን የሚጠይቅ ቅርጽ ነው። የመጀመሪያው አራት ቤት ነው፤ ሁለተኛው አምስት። «ርእስ አጣሁ» የሚለው ሰው ያጣው ርእስ ብቻ ነው፤ እጁ አልከዳውም። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ አይገነባም። ስለዚህ «ሁለተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው» የሚለውን ብታሻሽዪው ደስ ይለኛል፤ የሚናገረው ነገር መሰበር ነው፣ የሚናገርበት መንገድ ግን ጤነኛ ነው።

ስለ ጉዞው የምትጽፊው አንቀጽ አቅጣጫን ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው። አንደኛው መርከብ ነው፤ አግድም ይሄዳል፣ ካለበት ወደሌለበት። ሁለተኛው መሰላል ነው፤ ያውም የሄደ መሰላል፣ መውረድ እንኳ ሳይሆን መውደቅ የቀረው። በመርከቡ የሚሄድ ሰው ሌሎች እንዲያስተምሩት ይለምናል፤ በሱቁ የሚጋደም ሰው ማንንም አይለምንም። «ልጋደም» ያልኩት ቃል በእንግሊዝኛው ግዴታ ነው፤ የሚታረፍበት መኝታ ነው፣ የሚሞትበት ነው፣ ወይስ የሚወለድበት? ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በዚህ አንስማማም። እኔ መሰላል «የሚነሣበት» ስላለው ወደ መጨረሻው አደላለሁ፤ አንቺ በሌላ ብታነቢው ከግጥሙ ቃል ማስረጃ አምጪበት እንጂ አልከፋም።

ለመዝጊያ ሦስተኛ ግጥም ብትጠቅሺ ይፈቀድልሽ እንደሆነ አስተማሪሽን ጠይቂ። ዬትስ ከመሞቱ 15 ቀን በፊት፣ በጥር 13 ቀን 1939፣ «የተጽናናው ኩሁሊን» የሚል ግጥም ጻፈ። የድሮ ርእስ ብሎ የዘረዘረው ያው ጀግና ነው፤ አሁን ሞቷል፣ ስድስት ቁስል አለበት፣ በሙታን መካከል ቆሟል። በመግነዝ የተጠቀለሉትን ሙታን የጦር መሣሪያው ድምፅ ያስፈራቸዋል። የተልባ እግር ጨርቅ ይሰጡትና እንደ እኛ መግነዝህን ስፋ ይሉታል፤ መርፌ ይዞ መስፋት ይጀምራል። ሁሉም አብረው እየሰፉ ይዘምራሉ፤ ዜማው የሰው ዜማ አይደለም፣ ቃሉም የሰው ቃል አይደለም። ጉሮሯቸው ተለውጦ የወፍ ጉሮሮ ሆኗል።